ውሃው በዲሁሚዲፋየሩ ጎማ አልወርድ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዲሁሚዲፋየር የክፍሉን አየር እርጥበት ወደ ውሃ ለውጦ የሚሰበስብ ማሽን ነው። ማሽኑ ይሠራል፣ ጎማው ተገጥሟል፣ ውሃው ግን በጎማው አልወርድ ብሏል፤ ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ተነስተው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

ጎማውን ገጥሜያለሁ፤ ውሃው ግን አሁንም ባልዲው ውስጥ ይጠራቀማል። ከየት ልጀምር?

ከውታፉ ይጀምሩ። ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ጎማውን ይፍቱ፣ ከዚያ የውሃ መውጫውን ቀዳዳ በባትሪ አብርተው ወደ ውስጥ ይመልከቱ። አብዛኛው ዲሁሚዲፋየር ከፋብሪካ የሚወጣው በባልዲ እንዲሠራ ተደርጎ ስለሆነ የጎማ መውጫው በላስቲክ ውታፍ ወይም በሚጠመዘዝ ክዳን ተደፍኖ ነው የሚመጣው። ክዳኑ ከተፈታ በኋላ ከውስጥ ሌላ ትንሽ ውታፍ የሚቀርበት ማሽንም አለ። ሰው የላይኛውን ካወጣ ወዲያ ሁለተኛ ይኖራል ብሎ አይጠረጥርም፤ ስለዚህ ዓይንዎ ከውስጥ ጠብታውን የሚቀበለው ትሪ ድረስ ካላየ እንደተዘጋ ይቁጠሩት። በአንዳንዶቹ ደግሞ መውጫው ባልዲው ላይ ነው፤ ቀዳዳው በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ይመጣና መመሪያው በሚለው መሠረት ተገፍቶ ይከፈታል።

ያወጡትን ውታፍ አይጣሉት። ጎማውን ትተው ወደ ባልዲው መመለስ የፈለጉ ቀን ያለ ውታፉ ውሃው ወለሉ ላይ ይፈሳል። በትንሽ ላስቲክ ቋጥሮ ከማሽኑ ጀርባ በፕላስተር መለጠፍ ይበቃል።

በጎማ ስጠቀም ባልዲውን አውጥቼ ላስቀምጠው?

አያውጡት። አብዛኞቹ ማሽኖች ባልዲው በቦታው መኖሩን የሚያረጋግጥ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው፤ ባልዲው ከወጣ ወይም በደንብ ካልገባ ጨርሶ አይነሱም። ጎማው አንድ ቀን ቢዘጋም ውሃውን ከወለልዎ የሚያድነው ባልዲው ነው፤ ሲሞላ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ትንሽ አካል (ተንሳፋፊው) ከፍ ብሎ ማሽኑን ያስቆማል።

ጥፋቱ የማሽኑ ይሁን የጎማው እንዴት ልለይ?

ጎማውን ፈትተው ማሽኑን ደልዳላና ጠንካራ ነገር ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። ከመውጫው ሥር ሳህን ያድርጉና ማሽኑን ያለማቋረጥ በሚሠራበት ምርጫ ላይ አድርገው አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ውሃው ሳህኑ ላይ ከተንጠባጠበ ማሽኑ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ከጎማው ወይም ከተዘረጋበት መንገድ ነው። ሳህኑ ደርቆ ባልዲው ውስጥ ውሃ ከተገኘ መውጫው ወይም ከመውጫው በላይ ያለው ጠብታ መቀበያ ትሪ ተደፍኗል፣ አለዚያም ማሽኑ ወደ አንድ ጎን ዘሟል። ሁለቱም ደረቅ ከሆኑ ጎማውን ይተዉት፤ ማሽኑ መጀመሪያውኑ ውሃ እያወጣ አይደለም፤ ስለዚህ ጉዳይ ከታች ለብቻው ተጽፏል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በአንዳንድ ማሽን ላይ ውሃውን ከባልዲው ወደ ጎማው የሚያዞረው ራሱ የጎማው ማገናኛ ነው። የእርስዎ ማሽን እንዲህ ከሆነ ማገናኛውን በቦታው ትተው ጎማውን ብቻ ነቅለው ይሞክሩት። ማገናኛው እስከ መጨረሻው ካልገባ ውሃው አጠገቡ አልፎ ወደ ባልዲው ይወርዳል፤ ይህም ብዙ ሰው የሚያልፈው ጥፋት ነው።

ጎማውን ለብቻው ለመፈተን በአንደኛው ጫፍ አንድ ብርጭቆ ውሃ በቀስታ ያፍስሱ። ወዲያው በሌላኛው ጫፍ ከወጣ ጎማው አልተዘጋም ማለት ነው። ይህ ግን አዘረጋጉ ትክክል መሆኑን አያሳይም፤ ከብርጭቆ የፈሰሰ ውሃ ማሽኑ ከሚያወጣው ጠብታ እጅግ የበዛ ጉልበት አለው።

ጎማው ምን ያህል ዘቅዘቅ ማለት አለበት?

በየሜትሩ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ያውም ከመነሻ እስከ መድረሻ ሳያቋርጥ። ጫፉ ከመውጫው ዝቅ ማለቱ ብቻውን አይበቃም። መሃል ላይ ደፍ፣ የምንጣፍ ጠርዝ ወይም ሌላ ገመድ የሚሻገር ጎማ በዚያች ቦታ ወደ ላይ ይወጣል፤ ውሃው የሚቆመውም እዚያው ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ቁጥሩን ማየት ይጠቅማል። በ24 ሰዓት 20 ሊትር ያወጣል የተባለ ማሽን በሙሉ አቅሙ ቢሠራ እንኳ በደቂቃ የሚደርሰው 14 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው አቅም አብዛኛውን ጊዜ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና 80 በመቶ እርጥበት ባለበት ክፍል የተለካ ስለሆነ ተራ ክፍል ውስጥ የሚገኘው ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። የቧንቧ ውሃ ከኋላው የሚገፋው ግፊት አለው፤ የዚህ ማሽን ውሃ ግን የለውም። ያለው ጉልበት ትሪው ውስጥ የተኛው የጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ክብደት ብቻ ነው። በዚህ ገጽ ላይ ያለው አብዛኛው ችግር ከዚህ ይመነጫል፦ ቧንቧ ላይ ምንም የማያመጣ ትንሽ እንቅፋት እዚህ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል።

ስለዚህ ጎማውን ግድግዳ አስጠግተው ይዘርጉት፣ ትርፍ ርዝመቱን ጠቅልለው ከማስቀመጥ ይልቅ ይቁረጡት፣ ካስፈለገም ማሽኑን ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም ብሎኬት ላይ ከፍ ያድርጉት። እኔ ብጠየቅ ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው ይህንን ማሽኑን ከፍ ማድረግ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ብዙ የጎማ ችግርን በአንድ ጊዜ ያቃልላል። ማሽኑ ሲሠራ ስለሚንቀጠቀጥ መቀመጫው የማይወዛወዝና ክብደቱን የሚችል ይሁን።

ምን ዓይነት ጎማ ልግዛ?

የውስጥ ስፋቱ ከማሽኑ መውጫ ያልጠበበ፣ በተቻለ መጠን አጭር፣ ሲታጠፍ የማይጨፈለቅ። መውጫው የጠመዝማዛ ጥርስ ካለው የአትክልት ማጠጫ ጎማ ብዙ ጊዜ ይገጥማል፤ ጥርስ የሌለው ለስላሳ አፍ ከሆነ ደግሞ ልክክ ብሎ የሚገባ ጎማ ተመርጦ በፋሼታ ይታሰራል። ተጠቅልሎ የኖረ ጎማ ቅርጹን ስለሚይዝ መሬት ላይ እየተጠማዘዘ ይነሳል፤ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ነክሮ ወይም ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ማቃናት ይቻላል።

ስለ ቀለሙ ሁለት ሐሳብ አለ። በውስጡ የሚያሳይ ጎማ ውሃው የት እንደቆመ በዓይን ያሳያል፣ ነገር ግን ብርሃን ስለሚገባው አልጌ ቶሎ ያበቅላል። ብርሃን የማያስገባው በዚህ በኩል ይሻላል። ችግሩን እየፈለጉ ባሉበት ጊዜ የሚያሳየውን፣ ነገሩ ከተስተካከለ በኋላ የማያሳየውን መጠቀም ጥሩ ነው።

ጎማው ማሽኑን የሚነካበት ቦታ ላይ ያንጠባጥባል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ከማገናኛው ውስጥ ያለችውን ክብ የላስቲክ ቀለበት ይዩ፤ ጠፍታ፣ ተሰንጥቃ ወይም ተጣማ ይሆናል። ቀጥሎ ጥርሱ ቀጥ ብሎ መግባቱን ያረጋግጡ። የማሽኑ መውጫ ፕላስቲክ ስለሆነ በብረት መፍቻ ማጥበቅ ይሰብረዋል፤ በእጅ ብቻ ያጥብቁት። ቀለበቷ ደህና ሆና አሁንም ካንጠባጠበ ጥርሱ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ቴፍሎን ይጠቅልሉ። ይህን ትንሽ ጠብታ ነው ብለው አይለፉት፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ከማሽኑ ሥር ለሳምንታት የረጠበ የእንጨት ወለል ያብጣል፣ ይሻግታልም።

ተዘግቷል። በምን ልጠርገው?

በመጀመሪያ የዘጋው ምን እንደሆነ ይወቁ። ከአየር ላይ የተሰበሰበ ውሃ እንደ ተጣራ ውሃ ማዕድን የሌለው ስለሆነ እንደ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያለ ነጭ የኖራ ቅርፊት አይሠራም። የሚዘጋው አቧራ፣ ጸጉርና በእነሱ ላይ የሚበቅለው ዝልግልግ ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት መፈተግና ማጠብ ነው። ጎማውን አውጥተው በቧንቧ ውሃ በኃይል ያጥቡት፤ ግትር ከሆነ አቼቶና ሞቅ ያለ ውሃ እኩል ቀላቅለው ሞልተው ለግማሽ ሰዓት ያቆዩትና ደግመው ያጥቡት። የፈላ ውሃ አይጠቀሙ፤ ጎማውንም መውጫውንም ያጣምማል።

የማሽኑን መውጫ ለመጥረግ ቀጭን የጠርሙስ ብሩሽ ወይም ጫፉ ደነዝ የሆነ ለስላሳ ፕላስቲክ ይሻላል። ብሩሹን ከውጭ ወደ ውስጥ ገፍተው ብቻ አይተዉት፤ ቆሻሻው ወደ ትሪው ተመልሶ ነገ እዚያው ይመጣል። እያዞሩ ወደ ውጭ ይጎትቱት፣ ከዚያ ትሪው የሚደረስበት ከሆነ ጥቂት ውሃ አፍስሰው ሲወርድ ይመልከቱ። ሽቦና ጠመንጃ መፍቻ ከማቀዝቀዣው የብረት ጥቅልል ያርቁ፤ ከተበሳ ጋዙ ይወጣል፣ ማሽኑም በዚያው ያበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከልቤ፦ አቼቶና በረኪናን ፈጽሞ አይቀላቅሉ። ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ዲሁሚዲፋየር ያለበት ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ መስኮቱ የተዘጋ ነው። በአንዱ ካጠቡ በሌላው አይድገሙ።

ግማሹ በጎማው ይወርዳል፣ ግማሹ ባልዲው ውስጥ ይገባል። ይህ ምንድን ነው?

ይህ ብዙ ጊዜ በከፊል መዘጋት ነው። መውጫው ጠብቦ ጠብታውን ሊያሳልፍ ይችላል፤ ብዙ ውሃ ሲመጣ ግን ትሪው ሞልቶ በባልዲው በኩል ይፈሳል። ጠረጋው ካልረዳ ማሽኑ ላይ ውሃ ልክ (ደልዳላነት መለኪያ) ያስቀምጡ። ትሪው ጥልቀት ስለሌለው ማሽኑ ከመውጫው ተቃራኒ ወገን በትንሹ ቢዘም እንኳ ውሃው ወደ ባልዲው ያደላል። መውጫው ወዳለበት ጎን በጣም ጥቂት ዘንበል ማለቱ ይረዳል፤ ማሽኑን በደንብ ማጋደል ግን ውሃው ኤሌክትሪኩ ወዳለበት እንዲፈስ ስለሚያደርግ አይገባም።

ብዙም የማይነገር ሌላ ምክንያት አለ። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ጥቅልሉ ላይ በረዶ ይጋገራል፤ ማሽኑ በረዶውን ለማቅለጥ ሲያርፍ የሰዓታት ውሃ በጥቂት ደቂቃ ይወርዳል። ባልዲው ውስጥ ውሃ የሚገኘው ከቀዝቃዛ ሌሊት በኋላ ብቻ ከሆነ መውጫው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ትሪው የማይችለው ጎርፍ መጥቶበት ነው።

ጎማውም ባልዲውም ደረቅ ነው። ማሽኑ ግን ድምፅ ያሰማል።

የእርጥበት መለኪያ ካለዎት ክፍሉን ይለኩ። ማሽኑ 50 በመቶ ላይ ተሞልቶ ክፍሉ 45 በመቶ ከሆነ የሚሰሙት የማራገቢያውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ሥራውን ጨርሷል። ክፍሉ እርጥብ ሆኖ ውሃ ካልመጣ የአየር ፊልተሩን አውጥተው ያጥቡት፤ በአቧራ የታፈነ ፊልተር አየር ስለማያስገባ ጥቅልሉ ላይ በረዶ ይጋገራል። የክፍሉ ሙቀት ከ18 ዲግሪ በታች ከወረደም ኮምፕሬሰር (ጋዙን የሚጨምቅ ሞተር) ያላቸው ተራ ማሽኖች ብዙዎቹ መቸገር ይጀምራሉ። ለቀዝቃዛ ቦታ እርጥበት መጣጭ ቁስ ባለው በሚሽከረከር ክብ አካል እርጥበትን የሚመጥ ሌላ ዓይነት ማሽን አለ፤ እሱ በብርድም ይሠራል።

ፊልተሩ ንጹህ፣ ክፍሉ ሞቃት፣ እርጥበቱ ከፍተኛ ሆኖ አሁንም ጥቅልሉ ካልቀዘቀዘና ካልረጠበ ጋዙ አልቋል ወይም ኮምፕሬሰሩ አልተነሳም። ይህን ጎማ ማስተካከል አይፈታውም።

ሁሉንም አድርጌያለሁ፦ አልተዘጋም፣ ጫፉም ዝቅ ብሏል። ለምን አይወርድም?

ያኔ የታፈነ አየር ይፈልጉ። ጎማው መንገድ ላይ ሆዱን ሲጥል እዚያ ውሃ ይቋጠራል። ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ከኋላ ሲደርስ በሁለቱ መካከል አየር ይታሰራል። በአንድ ሆድ የተቋጠረ ውሃ ብዙ ላያስቸግር ይችላል፤ ሁለት ሦስት ሆድ ሲሆን ግን እያንዳንዱ የራሱን ከፍታ ይጠይቃል፣ የሁሉም ድምር ከትሪው ጥልቀት ሲበልጥ ውሃው ተሸንፎ ወደ ባልዲው ይዞራል። በሚያሳይ ጎማ ላይ ይህንን በዓይን ማየት ይቻላል፦ ውሃ፣ አየር፣ ውሃ፣ አየር እየተፈራረቁ ቆመዋል። ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲቆይ ከሥሩ ጣውላ ወይም ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ ማድረግ ይህን በቀላሉ ያስወግዳል።

ሁለተኛው ቦታ ጫፉ ነው። የጎማው ጫፍ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ከውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣል፣ ያ ደካማ ጠብታም አየሩን ሊገፋው አይችልም። ጫፉን ከፍሳሹ ውሃ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ያንጠልጥሉት፣ በሰያፍም ይቁረጡት፤ ሰያፍ አፍ ግድግዳ ቢነካ እንኳ አይደፈንም። ጫፉን ከፍሳሽ ቱቦ ጋር በላስቲክ አጥብቆ ማሸግም ትክክል አይደለም። አየሩን ከማፈኑ በላይ ፍሳሹ የሞላ ቀን ቆሻሻ ውሃ በጎማው ወደ ማሽኑ እንዲመጣ መንገድ ይከፍታል።

ውሃውን ከማሽኑ ከፍ ወዳለ ሲንክ መውሰድ እፈልጋለሁ። ይቻላል?

በተራው ጎማ አይቻልም፤ ቀጭን ማድረግም ሆነ በአፍ ስቦ ማስጀመር አይረዳም። ውሃ ወደ ላይ የሚሄደው ፓምፕ ሲኖር ብቻ ነው። ፓምፕ ከውስጡ ያለው ማሽን ይሸጣል፤ ወይም ከማሽኑ ውጭ ተቀምጦ ውሃውን ተቀብሎ የሚገፋ ትንሽ የኮንደንሴት ፓምፕ መጨመር ይቻላል። የውጭ ፓምፕ ከመረጡ ከማሽኑ መውጫ ዝቅ ብሎ መቀመጥ እንዳለበት አይርሱ፤ እስከ ፓምፑ ድረስ ውሃው አሁንም በራሱ ነው የሚወርደው።

ማሽኔ ፓምፕ አለው፤ ግን አይገፋም።

ፓምፕ ያላቸው ማሽኖች ሁለት መውጫ አላቸው፦ አንዱ ወፍራም፣ ውሃ በራሱ የሚወርድበት፣ ሌላው ለፓምፑ የሚሆን ቀጭን። ቀጭኑ ጎማ ወደ ወፍራሙ፣ ወፍራሙ ወደ ቀጭኑ አይሄድም። በፓምፕ ሲጠቀሙ የወፍራሙ መውጫ ውታፍ ተመልሶ መግባት አለበት፤ ካልሆነ ውሃው ፓምፑ ጋ ሳይደርስ ያልፋል። የፓምፑ ቁልፍ ለብቻው የሚበራ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጠፍቶ የሚቀርባቸው አሉ። ፓምፑ የሚሠራው ጥቂት ውሃ ሲጠራቀም ብቻ ስለሆነ ድምፁ በየጊዜው መጥቶ መሄዱ ጤናማ ነው።

ድምፁ እየተሰማ ውሃ ካልወጣ ቀጭኑ ጎማ እስከ መጨረሻው መግባቱን፣ አለመታጠፉንና ከፍታው መመሪያው ከፈቀደው አለመብለጡን ይዩ፤ ብዙዎቹ እስከ 4 ወይም 5 ሜትር ይገፋሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚያደርገው ትንሽ ቫልቭ ነው፤ ዝልግልጉ ቆሻሻ እዚያ ሲገባ ወይ ይዘጋዋል ወይ ከፍቶ ያስቀረዋል። ፓምፑ ባረፈ ቁጥር ውሃው ወደ ማሽኑ ሲመለስ ከሰሙ ቫልቩ ክፍት ቀርቷል ማለት ነው።

ባልዲው ባዶ ነው፤ «ሞልቷል» የሚለው መብራት ግን አይጠፋም።

ባልዲውን አውጥተው ተንሳፋፊውን በጣት ከፍና ዝቅ ያድርጉት። በቆሻሻ ተጣብቆ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ አጥበው ነጻ ያድርጉት። ተንሳፋፊውን ነቅሎ መጣል መብራቱን ያጠፋዋል፣ ነገር ግን ጎማው የተዘጋ ቀን ማሽኑን የሚያስቆም ነገር አይኖርም።

ራሴ ልክፈተው ወይስ ባለሙያ ልጥራ?

ጎማ፣ ውታፍ፣ ፊልተር፣ ባልዲና ያለ መፍቻ የሚደረስበት ትሪ የእርስዎ ሥራ ነው። ሽፋኑ ተፈትቶ የሚደረስበት ነገር ካለ በሶኬቱ መነቀል ብቻ አይተማመኑ፤ ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። አዳዲስ ማሽኖች ውስጥ አር-290 የተባለው የፕሮፔን ጋዝ እየተለመደ ነው፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ የጋዝ መስመሩን መንካት የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። የተቃጠለ ሽታ ካለ፣ ሶኬቱ ከሞቀ ወይም ውሃ ወደ ሽቦዎቹ ደርሶ ከነበረ ማሽኑን ዳግም አያብሩት።

ማሽኑ አሮጌ ከሆነ ከመጠገኑ በፊት ሞዴል ቁጥሩን ይዘው ከገበያ እንዲመለሱ ከተጠሩት ውስጥ አለመሆኑን ያጣሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ግሪ የተባለው አምራች ሠርቷቸው በተለያዩ የንግድ ስሞች የተሸጡ ከ2 ሚሊዮን በላይ ዲሁሚዲፋየሮች ከመጠን በላይ ሞቀው እሳት ሊያስነሱ ስለሚችሉ እንዲመለሱ ተጠርተዋል። ወደ ጥገና ሲወስዱት ባልዲውን ባዶ አድርገው ቀጥ ብሎ እንደቆመ ያጓጉዙት፤ በግድ ከተጋደመ ከኮምፕሬሰሩ የሸሸው ዘይት እንዲመለስ ቀጥ አድርገው አቁመው ሰዓታት፣ ቢቻል አንድ ቀን ሙሉ፣ ሳያበሩት ያቆዩት።